እሳትን በዓይን፣ እሳትን በቁጥር

በ1860 ዓ.ም በሚያዝያ ወር መቅደላ ላይ አንድ ግዙፍ የነሐስ መድፍ ያለ ጌታ ቀረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ፤ የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ፣ መጻሕፍቱንና ንዋዩን ጭኖ ተመለሰ። «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ግን እዚያው ተቀመጠ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

በዚያው ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ማለት ነው፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ድሚትሪ ቼርኖቭ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የኦቡኮቭ ፋብሪካ መሐንዲስ፣ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ስለ መድፍ ተናገረ። ፋብሪካው የሚያወጣቸው የአረብ ብረት መድፎች አንዳንዶቹ ብዙ ተኩስ ይችላሉ፣ አንዳንዶቹ ይፈነዳሉ። ብረቱ ያው፣ ቅመሙም ያው ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቼርኖቭ መልሱን ያገኘው ቀጥቃጮቹ አጠገብ ቆሞ የጋለውን ብረት ቀለም በዓይኑ በመከታተል ነበር። ብረት ሲግል ውስጡ የሚለወጥበት የተወሰነ ደረጃ አለ፤ ከዚያ በታች ግሎ የተነከረ ብረት የቱንም ያህል በፍጥነት ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም፤ ከልክ በላይ የጋለ ደግሞ ውስጡ ሻካራ ሆኖ በቀላሉ ይሰበራል። ቼርኖቭ ያንን ደረጃ በአንዲት የላቲን ፊደል ሰየመው።

ሁለቱ መድፎች ተያይተው አያውቁም። ታሪካቸው ግን የአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ነው። ጥያቄው «እሳት ስንት ነው?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመረዳት አንድ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። አረብ ብረት የሚባለው ጥቂት ካርቦን የገባበት ብረት ነው፤ ለቢላ በሚሆነው ውስጥ ካርቦኑ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ብረት ሲግል በመጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ብቻ የሚታይ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል። ቀጥሎ እንደ እሸት ቡና ይቀላል፤ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻም ነጭ ይሆናል። ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የብረቱ የውስጥ አደረጃጀት ይለወጥና ካርቦኑን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። በዚያ ሰዓት በድንገት ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ከተነከረ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታሰራል፤ ብረቱም እንደ መስታወት ይጠነክራል። እንደ መስታወት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእጅ ቢያመልጥ ድንጋይ ላይ ወድቆ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛ ዙር አለ። የጠነከረው ብረት ተወልውሎ በለዘብተኛ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። ፊቱ ላይ ስስ ቀለም ይሮጣል፤ በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በ280 ገደማ ሐምራዊ፣ 300 ሲቃረብ ሰማያዊ። ምላጭ የሚሠራ ሰው ገለባው ላይ ያቆማል፤ ሞላ የሚሠራ ሰማያዊውን ይጠብቃል። አርባ ወይም ሃምሳ ዲግሪ ስህተት የሰው ሙሉ ቀን ድካም ያበላሻል። ቀጥቃጭ ይህን ሁሉ ለሺህ ዓመታት ያለ ምንም መለኪያ ሠርቶታል። የሥራ ቤቱ ጨለም ያለ መሆን አለበት፤ ፀሐይ የጋለ ብረትን ቀለም ትሰርቃለች። ከመዶሻውና ከጉጠቱ በላይ ዋናው መሣሪያው ዓይኑ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው ብሂል ጊዜን ያስተምራል። ስንት ሲግል የሚለውን ግን ለባለሙያው ትቶታል።

እዚህ ላይ የአገራችን ታሪክ መራራ ቅጠል አለው። በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሣሩንና ጦሩን የሚሠራው ሰው ያለ እሱ የማይታረስ፣ የማይታጨድ ሆኖ ሳለ፣ «ቡዳ» ይባል ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። በጎንደርና በአካባቢው ይህ ስም ከሁሉ አብዝቶ የተለጠፈው ወንዶቻቸው ብረት በሚቀጠቅጡ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ በሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ስለ ቡዳና ስለ ቀጥቃጮች የሚነገረውን ጽፎ አልፏል። እምነቱ ከዚያም በፊት የቆየ ነው።

ክሱን ልብ ላለው ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ የተከሰሰው ዓይን ነው። ከጎረቤቱ ሁሉ ተለይቶ እሳት ውስጥ የሚያይ፣ ሌላው ቀይ ብቻ በሚያይበት ቦታ አምስት ዓይነት ቀይ የሚለይ ሰው፣ ያ ችሎታው በዓይኑ የሚጎዳ አስባለው። ሌላ ሰው ሊመረምረው የማይችል እውቀት በቀላሉ ምትሃት ይመስላል። ባለእጁም በበኩሉ ሙያውን ከልጁና ከዘመዱ በቀር ለማንም የሚያሳይበት ምክንያት አልነበረውም። መሬት በተነፈገበት ቦታ እንጀራው ይህች ምስጢር ነበረች። ንቀቱ ምስጢሩን አጠበቀ፤ ምስጢሩም ፍርሃቱን መገበ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን አጥር ለመዝለል ሞክረዋል። ራሳቸውም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ በእናታቸው ሥራ የተሰደቡ ሰው ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባል ቦታ የሰፈሩት አውሮፓውያን፣ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የተላኩ፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምረው እንዲሰብኩ የታሰቡ ሰዎች ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሞሪትስ ሃል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጠመንጃ ባለሙያም አብረዋቸው ሠርተዋል። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም የሚቀበላቸው አልነበረም።

ስለዚህ መድፍ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የመድፍ እቶን መገንባት ነበረበት። ይህ በቤት ውስጥ እቶን ከሚሠራ ማንኛውም ሰው ጋር አንድ ያደርጋቸዋል፤ በእጅ ባለው ነገር፣ በመጽሐፍ ጭላንጭልና በውድቀት መማር። ነሐስ ለመቅለጥ ከ900 ዲግሪ በላይ፣ በደንብ ለመፍሰስ ደግሞ ከ1000 በላይ ይፈልጋል። ያንን የሚችል ጡብ ከሌለ እቶኑ ራሱ ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ተስማሚ አፈር መፈለግ፣ ጡብ ማቃጠል፣ ማፍረስና እንደገና መገንባት የዕለት ሥራ ሆነ። በመጨረሻ መድፎች ወጡ። ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ ሰባት ቶን የሚገመት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ ከበባ ነው። በ1860 ዓ.ም ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ መጋቢት በብዙ መቶ ሰዎች እየተጎተተ፣ መንገድ እየተቆፈረለት ከደብረ ታቦር መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ያሠሩ ነበር።

መድፉ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። የበለጠ የሚያሳዝነው ግን የእቶኑ ዕጣ ነው። ንጉሡ የፈለጉት መድፉን ብቻ አልነበረም፤ ሙያውን ነበር። በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያዎች እንዲያመጣ ነው። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር፤ አውሮፓውያኑ እስረኞች ስላልተፈቱ ወደ መሀል አገር ሳይዘልቁ ቀሩ። ከመቅደላ በኋላ የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሃል ጃፋ ሰፈረ። የእቶኑ እውቀት በሠሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ስለነበረ ከሠሪዎቹ ጋር አብሮ ሄደ። መቅደላ ላይ የቀረው መድፉ ብቻ ነው።

ይህን ሲያነብ «ምስጢረኝነት የእኛ በሽታ ነው» ለማለት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። ስህተት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ አረብ ብረት በማጣቱ ተማርሮ፣ ሼፊልድ አጠገብ የራሱን እቶን ሠራ። ብረቱን ከእሳት በሚችል የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከድኖ፣ በኮክ ከሰል ወደ 1600 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አቀለጠው። ስንት ጊዜ እንደከሸፈበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሥራውን ደብቆ ነው የሠራው። የሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች መጀመሪያ ብረቱ ለእጃችን ከባድ ነው ብለው አልገዛም አሉ። ፈረንሳዮች ገዝተው የተሻለ ቢላ ሲያወጡ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ተፎካካሪው አንድ ብርዳም ሌሊት ለማኝ መስሎ ከእቶኑ ሙቀት ልጠለል ብሎ ገብቶ ምስጢሩን ሰረቀ የሚል ተረትም አለ። ተረትነቱ ራሱ ይናገራል፤ እዚያም እውቀቱ ከግድግዳ ኋላ ነበር፣ እዚያም ለማየት መስረቅ ያስፈልግ ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። እውቀቱ ቀስ በቀስ ከዓይን ወደ ቁጥር ተሻገረ። በ1782 እ.ኤ.አ. ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅውድ በጣም የጋለ እቶንን ለመለካት የሸክላ ቁርጥራጭ ተጠቀመ፤ ሸክላ ሲግል ስለሚኮማተር የመኮማተሩ መጠን ሙቀቱን ይናገራል ብሎ። ቁጥሮቹ ትክክል አልነበሩም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ሸክላ ሠሪ «እሳት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማሳተም እንደሚችል አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው። አንድ አገር ሸክላ ሠሪውን ሊቃውንት መካከል ሲያስቀምጥ፣ ሌላው አገር ሸክላ ሠሪዋን ከሰፈር ውጭ ያስቀምጥ ነበር።

በ1821 ቶማስ ዜቤክ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍና ጫፋቸው ተገናኝቶ አንደኛው መገናኛ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አየ። በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፈረንሳዊው ሄንሪ ለሻተልየ ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም ቅይጥ በሠራው ሽቦ ይህን ወደ አስተማማኝ መለኪያ ለወጠው፤ ዛሬ ቴርሞካፕል የምንለው ነው። የአገሩ ሰው ፍሎሪስ ኦስሞንድ በዚህ መለኪያ ብረት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ተከታትሎ፣ ቼርኖቭ በዓይኑ ያያቸውን ደረጃዎች በዲግሪ አስቀመጣቸው። የሩሲያው መሐንዲስ ዓይን አልዋሸም ነበር። አሁን ግን የእሱን ዓይን ያልታደለ ሰውም ያንኑ ማግኘት ቻለ። የቀጥቃጩ ችሎታ ዋጋ አላጣም፤ ምትሃት መምሰሉ ብቻ ቀረ።

ቀሪው ታሪክ የእቶኑን ወደ ቤት መግባት የሚመለከት ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ኒክሮም ነው። ሽቦው ቀልቶ ሳለ በአየር ውስጥ ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ ይሠራል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ሀንስ ፎን ካንትዞቭ ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያለበትን፣ የበለጠ ሙቀት የሚችለውን ካንታል አወጣ። በ1922 ደግሞ ከሩሲያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኒኮላስ ሚኖርስኪ መርከብ አቅጣጫዋን ጠብቃ እንድትሄድ መሪው ስህተቱን እያየ እንዴት ራሱን እንደሚያርም በሒሳብ ጻፈ። ዛሬ የእቶንን ሙቀት በአንድ ቁጥር ላይ የሚያቆመው ትንሽ መሣሪያ የሚሠራው በዚያ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በየአገሩ በጋራዡ ቢላ የሚሠራ ሰው የራሱን የብረት ማጠንከሪያ ምድጃ መገንባት ይችላል፤ ብዙዎችም ይገነባሉ። ቀላል፣ አየር የተሞላና 1260 ዲግሪ ገደማ የሚችል ጡብ በሣጥን ቅርጽ ይደረደራል። ጡቡ በእንጨት መጋዝ ይቆረጣል። በውስጥ ፊቱ ላይ ቦይ ይፈለፈልና የተጠቀለለ ሽቦ ይቀመጥበታል። በኋላው ግድግዳ ቴርሞካፕል ይገባል። ውጭ ያለው መቆጣጠሪያ ቁጥሩን እያነበበ ኤሌክትሪኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሒሳቡም ከባድ አይደለም። የሽቦው መቋቋም 22 ኦም ከሆነ በ220 ቮልት 10 አምፒር ይስባል፤ 2200 ዋት ማለት ነው። ያንኑ ሽቦ በ120 ቮልት የአሜሪካ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው ግን 655 ዋት ያህል ብቻ ያገኛል። ምድጃው ለምን አልግል አለኝ ብሎ ሲጨነቅ ያመሻል እንጂ ችግሩ ከጡቡ አይደለም። አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም፤ የጋለው ሽቦ ባዶ ነው፣ ኤሌክትሪክም አለበት። በር ሲከፈት ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ የሚያቋርጥ ማብሪያና የመሬት ሽቦ የሌለው ምድጃ፣ ጉጠት ይዞ እጁን ለሚያስገባ ሰው ወጥመድ ነው።

መለኪያው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥም ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ የግድ አይደለም። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ንጹሕ የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ለብዙ ተራ አረብ ብረቶች የመንከሪያው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት አገር በየኪሱ ሲዞር የኖረው ጨው እሳትን የሚመሰክር መለኪያም መሆን ይችል ነበር።

እንዲህ ያለውን ምድጃ የሩቅ አገር ነገር አድርጎ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ይመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጦ ያየ ሰው የሸክላ ሰሌዳ፣ በሸክላው ላይ የተፈለፈለ ቦይ፣ በቦዩ ውስጥ የተኛ ጥቅል ሽቦ አይቷል። የቢላ ሠሪው ምድጃ ከዚህ የሚለየው ሽቦውን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ዙሪያውን ጡብ ከልሎ፣ መለኪያ በመጨመሩ ነው። ሽቦ ሲበጠስ የሚቀጥል፣ ሸክላ ሲሰነጠቅ የሚለውጥ የሰፈር ጠጋኝ ጋፋት ላይ የጠፋውን እውቀት ግማሹን በእጁ ይዟል። ሌላው ግማሽ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ትክክል ነበር፤ ስድቡን ግን ወዲያው አላጠፋውም። ንቀት በአዋጅ ብቻ አይወገድም፤ የተናቀው ሥራ ምን እንደሆነ ለማንም በሚገባ ቋንቋ ሲጻፍም ይሸሻል። «በዓይኑ ይበላል» የተባለው ባለእጅ እሳቱ ውስጥ ያይ የነበረው 770ን፣ 800ን፣ 220ን ነበር። ቁጥሮቹን የሚነግረው ስላልነበረ በቀለም ጠራቸው፤ ጎረቤቱ ቀለሙን ስላላየው ፈራው። ዛሬ ከቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ልጆች አብዛኞቹ እስራኤል አገር ናቸው፤ የአባቶቻቸውን ወናፍ ከሙዚየም ውጭ የሚያዩበት ቦታ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ምድጃውን አብርቶ፣ 800 የሚለውን ቁጥር አንብቦ፣ በሩን ሲከፍት የሚያየው ቀለም አያቱ ጎንደር ላይ ያዩት የነበረው ቀለም ነው።